ከፍ ያድርጉልን

ያንን ድምፅ ስሰማ እጄ ሳላዘው ይጨበጣል።

ድምፁ የአንድ ተዋናይ ነው። የድሮ የፍቅር ግጥሞችን በሬዲዮ እያነበበ ስንቱን ጎረምሳ እንቅልፍ የነሳ፣ አገር የሚወደው ሰው። ባለፈው ዓመት ከሜክሲኮ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጋቢና ተቀምጫለሁ፤ ሹፌሩ ፍላሹን ሰካና ያው ድምፅ ስለ አንዲት ሴት ዓይን መናገር ጀመረ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋልኝ» አልኩት።

«ምነው እህቴ፣ ተጣልተሻል እንዴ? ፍቅር እኮ ነው፣ ዘና በይ በቃ!» ብሎ ሳቀና ጭራሽ ድምፁን ጨመረው።

መጨመሩ ነው ያሳበደኝ። ፍላሹን ነቅዬ በመስኮት ወረወርኩት። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተንጋጋ። እጄን ጠመዘዘኝ፤ እኔም በቦርሳዬ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩበት፤ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ የምሳ ዕቃ ነበረ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሲገላግለን የሰውዬው ሸሚዝ ደም በደም ሆኗል። «ይቺ ሴትዮማ ለይቶላታል!» አለ ሹፌሩ፤ እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠይቄ ፍላሹን ከአስፋልቱ ላይ ፈልጌ ሰጠሁት፤ ጎማ ሄዶበት ነበር። እንግዲህ እኔ መዝገብ ቤት የምሠራ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ጨዋ የምባል፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረገኝ ለፖሊሱ አልነገርኩትም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሊሰሙት የሚገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ፀጉሬን ሹሩባ የሚሠሩልኝ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ። የእኛንና የእትዬን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር፤ ጭቃው ረግፎ ጋዜጣ የተለጠፈበት ስለነበር ይለያል ከሚባል ያገናኛል ቢባል ይሻላል። እነሱ ሲያስነጥሱ ከወዲህ ሆነን ይማርህ የምንለው እኛ ነን።

የእትዬ ባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ግቢው ሁሉ ጋሼ ይለው ነበር፤ እኔም አንቱ ስለው ነው ያደግኩት። እዚህ ላይ ግን አንቱ አልለውም፤ ቢያንስ ይቺን ልንፈገው። ከረባት ያስራል። ሕፃን እንኳ ሰላም ሊለው ሲመጣ ከመቀመጫው ይነሳል። የእጅ ጽሑፉ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል፤ የግቢውን ማመልከቻ በሙሉ በነፃ የሚጽፍ እሱ፣ የእድሩም ጸሐፊ እሱ። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱን እንደሚደበድብ የማያውቅ አልነበረም፤ ግን የትኛውም አቤቱታ በእሱ እጅ ነበር የሚጻፈው።

የሚደበድባቸው እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ተዋናዩ በሬዲዮ ግጥም ያነባል። ሰውዬው ትልቁን ቴፕ የእኛ ግድግዳ ሥር አስቀምጦ ድምፁን ይለቀዋል። ከኋላ ክራር እየተደረደረ ተዋናዩ ከሴቲቱ ዓይን ይጀምራል፤ ከዓይን ወደ ጥርስ፣ ከጥርስ ወደ አንገት ይወርዳል። ሰውዬውም አብሮት ይጀምራል። ጡጫ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ምንጣፍ የሚያራግፉ ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ጭንቅላት ግድግዳውን ሲመታ በእኛ በኩል ከጋዜጣው ሥር አፈር ይረግፋል፤ እናቴ ሰኞ ጠዋት ዝም ብላ ትጠርገዋለች።

ግቢው ለዚያ ሰዓት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሬዲዮው ከፍ ሲል አንዷ ባልዲ ይዛ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ሌላዋ ቆርቆሮ በር ታንኳኳለች፣ ወንዶቹ ኳስ እናያለን ብለው ይወጣሉ። የሰው ትዳር ነዋ! እናቴ ሙቀጫዋን ታወጣለች። የሚወቀጥ በርበሬ ሲጠፋ ጨው ትወቅጥ ነበር፤ ጨዉ ዱቄት ሆኖም ትወቅጠዋለች። ማንም ማንንም ዓይን ዓይኑን አያይም።

እትዬ ሦስት ጊዜ ሸሽተው እህታቸው ጋ ቂርቆስ ሄደዋል። ሦስቱንም ጊዜ የእድሩ ሽማግሌዎች አስታርቀው መለሷቸው። በእኛ ግቢ ደግሞ እርቅ በወረቀት ካልሰፈረ እርቅ አይባልም፤ እሱ ሁለተኛ እጁን ላያነሳ፣ እሳቸውም ሁለተኛ ቤታቸውን ጥለው ላይወጡ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት በእድሩ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ታዲያ ወረቀቱን ማን ይጽፈዋል? እሱ! ከተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚነበብ ጽሑፍ ያለው እሱ ብቻ ነበራ። ከረባቱን አስተካክሎ፣ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ የገዛ ወንጀሉን «በባልና ሚስት መካከል የተፈጠረ ጊዜያዊ አለመግባባት» አድርጎ አሳምሮ ይጽፈዋል። መጨረሻው ላይ ከፍቅር ግጥሙ ጣል ያደርግበታል። ሲነበብ ያለቀሱ ሽማግሌ ነበሩ ስትል እናቴ ነግራኛለች፤ እኔ ብሆን ወረቀቱን አጉርሼው ነበር።

እኔስ? እኔ ያንን ድምፅ እወደው ነበር። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ቤታችን የሚሠራ ሬዲዮ አልነበረንም። አሥር ዓመቴ ነው። እሁድ እስኪደርስ አላስችል ይለኛል፤ ምሳዬን ጎራርሼ ጆሮዬን ጋዜጣው ላይ እለጥፋለሁ። ጩኸታቸውን አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። እሰማዋለሁ፤ ግን መርጬ ነው የምሰማው፣ ሁለት ጣቢያ ተደራርቦ ሲገባ አንዱን ለይቶ እንደ መስማት። የእትዬ ድምፅ ሲበዛ በሆዴ፣ አሁን ደግሞ ዝም ቢሉ፣ እል ነበር። በልጅነቴ ምንም አልገባኝም ብዬ ራሴን ለማታለል ብዙ ሞክሬያለሁ። አልተሳካልኝም።

የዚያን እሁድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ አንገት የሚለውን ግጥም በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ላይ አነባለሁ ብዬ ለአስተማሪዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ጓደኞቼ ላይም ፎክሬያለሁ። የማውቀው ግን መጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ይዤ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ስጠብቅ ግጥሙ ተጀመረ፤ ሬዲዮው ግን ዝቅ ብሏል። ክራሩ እንጂ ቃሉ አይሰማም። ምን እንደነካው እንጃ፣ በዚያ ቀን ሳይጨምረው ነው የጀመረው።

ተነስቼ ወጣሁ። በራቸውን አንኳኳሁ።

ውስጥ የነበረው ኮሽታ ቀጥ አለ። ቆይቶ በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተና ፊቱ ብቅ አለ። እጅጌውን ጠቅልሎታል፣ የከረባቱን ጫፍ ሸሚዙ ውስጥ ከቶታል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከእግሩ አጠገብ መሬት ላይ የእትዬ ነጠላ ጫማ ተገልብጦ ይታየኛል። ከጫማው ራቅ ብሎ ባዶ እግር አለ፤ ተረከዙ ወደ ላይ ነው። አየሁት። አይቼዋለሁ።

«ምነው የኔ ልጅ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ግጥሙ አልተሰማንም። ትንሽ ከፍ ያድርጉልን።»

ፊቱ በፈገግታ በራ። «እሺ የኔ እመቤት! ለአንቺ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» ብሎ በሩን ዘጋው። ከዚያ የመጨረሻውን ከፍታ ለቀቀው፤ የጣራችን ቆርቆሮ ሳይቀር ነዘረ።

እየሮጥኩ ተመልሼ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝ። ግድግዳው ተመታ፤ አፈር ደብተሬ ላይ ሲወርድ እፍ ብዬ አራግፌ ቀጠልኩ። ሦስተኛውን ጻፍኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ለካዛንቺስ ብርቅ አይደለም። ግን በዚያ ሰዓት ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ተዋናዩ ቃሉን ሳይጨርስ ድርግም አለ፤ የባልዲው ድምፅም ቆመ፣ የእናቴም ዘነዘና አየር ላይ ቀረ። ሰውዬው ግን መብራት መጥፋቱን ልብ አላለም። እትዬ «ማርያምን አንገቴን! አንገቴን ልቀቀኝ!» ሲሉ ጥርት ብሎ ለግቢው ሁሉ ተሰማ። ጉሮሯቸው የሚያሰማው ነገር የሰው አይመስልም ነበር። ቀጥሎ አንድ ጥፊ ጮኸ፤ አንድ ብቻ። ከዚያ በኋላ የእትዬ ድምፅ አልነበረም።

እናቴ ዘነዘናውን እንደያዘች ወጣች። አልጮኸችም፣ ሰው አልጠራችም። በሩን በሦስተኛው ምት ገነጠለችው። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፣ እርሳሴ እጄ ውስጥ እንዳለ። ሰውዬው ወደ እኛ ዞሮ ቀኝ እጁን አነሳ፤ ለመማታት ይሁን ለመከላከል አላውቅም። እናቴ እጁን አገኘችው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ወደቀና እጁን በሌላው እጁ አቅፎ መሬት ላይ ሲንከባለል ሁለተኛ መታችው፤ እዚያው ላይ፣ አስተካክላ፣ በርበሬ እንደምትወቅጥ። ሦስተኛውን ስታነሳ ወንዶቹ ከውጭ ደርሰው ዘነዘናውን ነጠቋት። ለካ ሲፈልጉ ፈጣን ነበሩ። ለእትዬ ስንት ዓመት ያልደረሱ ሰዎች ለእሱ ለመድረስ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

እትዬ ቴፑ ሥር ወድቀዋል። ከግራ ጆሯቸው ደም እየወጣ በአንገታቸው ይወርዳል። የጆሯቸው ታምቡር ተቀዶ ነበር፤ ያ ጆሮ እስከ ዛሬ አይሰማም።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ። እትዬን ጆሯቸውን በፋሻ እንደታሰሩ ከእህታቸው ቤት ጠርተው አመጧቸው። ተመከረ፣ ተዘከረ፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቤትሽ ተመለሽ ተባሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ቀረበ። የሰውዬው ቀኝ እጅ ግን እስከ ክርኑ ጀሶ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ መነፅሬን አልያዝኩም አሉ። ሌላው ጽሑፌ አይነበብም አሉ። ሦስተኛው እንደ ምንም እስክሪብቶውን ይዘው «እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብለው ጠየቁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «አንገቷን አንቆ ጆሮዋን አደነቆራት፣ እኛም እየሰማን ዝም አልን ብለው ይጻፉ!» አለቻቸው። ሽማግሌው እስክሪብቶውን አስቀመጡት። በገዛ እጁ ያንን፣ ወይም እሷ ፊት ውሸት፣ ሊጽፍ የደፈረ አንድም ሰው አልተገኘም። ያልተጻፈ እርቅ ደግሞ እርቅ አይደለምና እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቂርቆስ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም።

እናቴ ከእድሩ ተባረረች፤ እስክትሞት ድረስም ወንድ ሰባሪዋ ይሏት ነበር። ደስ ይላት ነበር። ሰውዬው የት እንደደረሰ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ግቢያችን ፈርሶ ዛሬ በላዩ ሰፊ መንገድና የብስክሌት መሄጃ ተሠርቶበታል፤ ሳልፍ የትኛው ጋ ግድግዳው እንደነበር መለየት አልችልም።

እኔ ግን ቂርቆስ መመላለሴን አልተውኩም። እትዬ እህታቸው ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ሹሩባ እየሠሩ ኖረዋል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በጉልበታቸው መሃል እቀመጣለሁ፤ ራሴን ይይዙና ጣታቸውን ጭንቅላቴ ላይ እየሰደዱ ይጎነጉኑኛል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ስንኖር ያቺን በር አንኳኪ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አላነሳኋትም። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» ብዬ እጀምራለሁ። «ንገሪኝ» ይላሉ፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው። እኔ ደግሞ «ትንሽ ጠበቅ ያድርጉት» እላለሁ። ጠበቅ ያደርጉታል፤ ያማል፤ ይገባኛል እያልኩ እችለዋለሁ። ብነግራቸው ከጉልበታቸው መሃል እንዳያስነሱኝ ነበር የምፈራው። ከእናቴ በኋላ የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በቀደም ታዲያ እየጎነጎኑኝ «ያ ተዋናይ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ከሰዓት ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ የድሮ ግጥሞቹን ያነባል አሉ፤ ውሰጂኝ» አሉኝ።

ዘወር ብዬ አየኋቸው። «እርስዎ? ያንን ድምፅ?»

«ድምፁ ምን አደረገኝ? የመታኝ ሰውዬው፣ ግጥሙ አልመታኝ! ማለቴ፣ ደህና ደህና ነገር ይል ነበር እኮ። እሱ በጩኸቴ እየሸፈነብኝ አንዱንም በቅጡ ሳልሰማው ቀረሁ እንጂ።»

የአንገቱ ግጥም ሳያልቅ እነግራቸዋለሁ ብዬ የወሰንኩት ያኔ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ተዋናዩ አርጅቷል፤ በከዘራ ነው መድረክ ላይ የወጣው፤ ድምፁ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ጠልቋል። እትዬ ደህናው ጆሯቸው ወደ መድረኩ እንዲሆንላቸው በግራ በኩል ከዳር ሁለተኛውን ወንበር ያዙ። እኔ በማይሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀመጥኩ። ሆን ብዬ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ለደነቆረው ጆሮ ነግሬ ተናገርኩ ለማለት ነበር።

ዓይኑን አነበበ፣ ጥርሱን አነበበ። አንገቱ ላይ ሲደርስ ሁለት እጄ ተጨብጦ ጥፍሬ መዳፌን ወጋኝ። አዳራሹ ግጥሙን ሲያዳምጥ እኔ የሹፌሩን አፍንጫ፣ የእናቴን ዘነዘና፣ የአጥንቱን ድምፅ ነው የሰማሁት። ተነስቼ ማይኩን መንጭቄ መድረኩ ላይ ብፈጠፍጠው ወደድኩ። በዚያ ፋንታ ወደ እትዬ ግራ ጆሮ ተጠግቼ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሩን፣ በሩን፣ ጫማቸውን፣ ከፍ ያድርጉልን ማለቴን።

እትዬ ዞሩ። ቀኙን ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«በዚያኛው አይሰማኝም፣ ረሳሽው እንዴ? ከፍ አድርገሽ ንገሪኝ።»

መውጫ አልነበረኝም። ደገምኩት። ለካ ጮኼ ኖሯል፤ የፊተኛው ረድፍ ዘወር አለ፣ አንዱ «እረ ዝም በይ!» አለኝ፣ ተዋናዩም ንባቡን ገታ አድርጎ ከመነፅሩ በላይ ያየን ጀመር። እትዬ ከሰውም ከተዋናዩም ጉዳይ የላቸውም። እኔን ብቻ ያዩኛል።

«ስታንኳኪ ሰምቻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «መሬት ላይ ነበርኩ። እናትሽ የላከችሽ መስሎኝ፣ ተመስገን፣ ደረሱልኝ አልኩ። ከዚያ ግጥሙን ከፍ ያድርጉልን አልሽ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አሥር ዓመትሽ ነበር። አድገሽ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ጊዜው ሄደ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መድረኩ መልሰው «ይቀጥሉ እንጂ፣ አልጨረሱትም እኮ!» አሉት ተዋናዩን። ሰው ሳቀ። ተዋናዩም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና ቀጠለ። ከአራተኛው ስንኝ ወዲያ ምን እንደሚል እኔም በዚያ ቀን ነው የሰማሁት። የግጥሙ ወንድ አንገቷን እያደነቀ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ሴቲቱ ግን እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አትናገርም።

አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ እትዬ አላጨበጨቡም። ጭኔ ላይ ያለውን ጭብጤን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ እየፈቱ ነበር።

«ይቅር ብለውኛል?» አልኳቸው፣ በቀኙ ጆሯቸው።

«እሱን ገና አላሰብኩበትም» አሉኝ። «ቅዳሜ ነይ፤ ፀጉርሽ ተንጨባሯል።»